አለ፣ ሲጠብቅና ሲላላ

መርካቶ ውስጥ ሙሉ ቃል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ተሸካሚው «ዞር በል!» ሲል «ዞ» ላይ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ «ር በል» የምትለዋን የሚሰማት ጆንያው ጭንቅላቱ ላይ ያረፈበት ብቻ ነው። ገበያተኛውም እንደዚያው ነው። ገዢው «ስን» ብሎ አፉን ሲከፍት ዋጋው ተነግሮት፣ ተወዶበት፣ ሌላ ሱቅ ገብቷል። እኔ ድምፅ ማጉያ እየጠገንኩ ነው ያረጀሁት። ሸማ ተራ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ ውስጥ ሱቅ አለችኝ። የሠርግ ሞንታርቦ በሉት፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ማይክ በሉት፣ «ሁሉም በመቶ ብር» እያለ ቀኑን ሙሉ የሚለፈልፈው የመንገድ ሜጋፎን በሉት፣ ሲታመም እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ከዚህ ሥራ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው በጆሮው የሚሰማው ትንሽ መሆኑን ነው። የቀረውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

ፈሪዳ የመጣችው መብራት የጠፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ነጠላና ጋቢ ትሸጣለች፤ ሱቋ ከእኔ ጥቂት በር አለፍ ብሎ ነው። ባሏ ፉርቃን የጥለት ሰው ነበር። ጥለቱን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ የየትኛው ሸማኔ እጅ እንደሆነ ይናገር ነበር፤ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ይናገር ነበር። በማሽን የታተመ ጥለት ከውጭ መጥቶ ተራውን ሲያጥለቀልቀው፣ በር ላይ ተቀምጦ ዝንብ ማባረሩ ሰለቸው፤ ባህር ተሻግሬ ዓረብ አገር እሠራለሁ ብሎ ሄደ። ከባህሩ ወዲህ ሆኖ አንዴ ደወለ። ከዚያ ረመዳን ገባ፣ ኢድ አለፈ፣ ወሬ የለም።

«ጋሽ ማሙሸት» አለችኝ፣ ስልኳን እንደ ትኩስ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ። «ይቺን ድምፅ ያጥሩልኝ።»

«የማን ናት?»

«አላውቅም። ትናንት በኢሞ መጣች። መልሼ ብደውል ዝግ ነው ይላል።»

«ምን ትላለች?»

«እሱን ባውቅማ እርስዎ ጋ ምን አመጣኝ?»

ሰማነው። የማናውቀው ሰው ድምፅ ነው፤ አማርኛውን መንገድ ላይ ከሰው አፍ የለቀመ ይመስላል። የቆመበት ቦታ ነፋስ አለ፤ ያውም የሚያፏጭ ነፋስ። «እህቴ፣ ሰላም ነሽ… የፉርቃን ሚስት ነሽ አይደል…» ይላል። ቀጥሎ «ጀልባዋ ተገልብጣ» ይላል፤ እሱ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ነፋሱ እዚያ ላይ ጨዋ ሆኗል። ከዚያ ፉጨት። ከፉጨቱ ውስጥ «እንዳትጨነቂ» ይወጣል፤ እንደገና ፉጨት፣ እና በፉጨቱ መሐል «አለ ፉርቃን»። አለቀ፣ ተቆረጠ።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«አለ ነው ያለው።»

«እሱንማ እኔም ሰማሁ። የትኛው አለ?»

ትምህርት ቤት «ጠብቆ ሲነበብ፣ ላልቶ ሲነበብ» እየተባልን ስንገረፍ፣ አንድ ቀን የሰው ነፍስ በዚህ ይንጠለጠላል ያለን መምህር አልነበረም። ጠብቆ ከተነበበ ፉርቃን አለ፤ ይተነፍሳል፣ ይበላል፣ ይህ ሰውዬ አጠገብ ቆሟል፣ እና አትጨነቂ ነው ነገሩ። ላልቶ ከተነበበ ግን ፉርቃን የተናገረው ነው፦ እንዳትጨነቂ በሏት አለ። ጀልባ ተገልብጦ ሲያበቃ በሰው አፍ ለሚስቱ እንዳትጨነቂ የሚል ሰው ደግሞ፣ ራሱ ያልደወለበት ምክንያት አለው። የሁለቱ ልዩነት ምላስ ላንቃ ላይ ጥቂት ቆየች ወይስ ወዲያው ወረደች የሚለው ነው። ነፋሱም ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ ውሎ ሳያንሰው፣ ያቺኑ ቅጽበት ጠብቆ አፏጨ።

ሄድፎኔን አደረግኩና አሮጌዋን ኮምፒውተሬን በባትሪ አስነሳኋት። ነፋሱን ቀነስኩ፤ «ለ» አብራ ቀነሰች። «ለ»ን ከፍ አደረግኩ፤ ነፋሱ ቤቱን ሞላው።

«አልሆነም?»

«ነፋሱን ሳስወጣው እሷም ትከተለዋለች።»

«ግማሹን ብቻ ያስወጡት።»

«ግማሹን ሳስወጣው ላልቶ ይሰማል። ሳልነካው ሲቀር ጠብቆ ይሰማል።»

«እርስዎስ? በራስዎ ጆሮ ምን ተሰማዎት?»

«ጄነሬተር» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። ተራው ሁሉ ጄነሬተሩን አስነስቶ ነበር። ቀጠል አድርጌም፣ ሰውየው አማርኛው የራሱ ስላልሆነ ጠበቅ ላላ የሚባል ነገር መኖሩንም ላያውቅ ይችላል፣ ሁሉንም በአንድ ልክ ይጥለው ይሆናል አልኳት። ላጽናናት ብዬ ነበር። ጥቂት አሰበችበትና «እንደሱ ከሆነ ቢደግመውም አይገባኝም ማለት ነው» አለች። ስልኳን ይዛ ሄደች።

በማግስቱ ሀያቱ ላከብኝ። ሀያቱ የፉርቃን ታላቅ ወንድም ነው፣ ክር አስመጪ፤ የቤቱ ወሳኝ እሱ ነው፣ ቢያንስ እናቱ እትዬ ጠሂራ እስካልተቃወሙ ድረስ። እትዬ ጠሂራ ጆሯቸው ደከም ስላለ በስልኩ አልሰማ ብሏቸው፣ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይዘህ ና ተባልኩ። ሞንታርቦዋን በጋሪ አስገፍቼ ግቢ ስገባ ጎረቤቶች «ማን ሊዳር ነው?» እያሉ ወጡ። ፈሪዳ በር ላይ ቆማ ነበር።

ድምፁን ከፈትኩት። ሳሎኑ ለሠርግ በተሠራ ድምፅ ተናወጠ። ነፋሱ መጋረጃ የሚያነሳ መሰለ።

«አለ!» አሉ እትዬ ጠሂራ፣ ገና ሳያልቅ። «ልጄ አለ! ሰማችሁ አይደል? እኔ ደንቆሮዋ የሰማሁትን እናንተ አልሰማችሁም?»

«እማ» አለ ሀያቱ፣ ቀስ ብሎ፣ «እንዳትጨነቂ ብሎ የጀመረ ሰው መልካም ነገር ሲያመጣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ደህና ለሆነ ሰው እኮ ደህና ነው ነው የሚባለው። እንዳትጨነቂ የሚባለው…»

«ወንድምህን ቅበረው ቅበረው ይልሃል?»

«እኔን?»

«አዎ፣ አንተን። ድሮም ከሱ ጋር አልተዋደድክም።»

ሀያቱ ተነስቶ ውሃ ጠጣ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ድምፁን ደግሜ አጫወትኩት፤ እትዬ ጠሂራ ይበልጥ ጠብቆ ሰሙት፣ ሀያቱ ይበልጥ ላልቶ። ሁለቱም አልዋሹም። እኔ አይቻቸዋለሁ፤ የሚዋሽ ሰው ሌላውን ያያል፣ እነሱ ሞንታርቦዋን ነበር የሚያዩት።

ችግሩ ሞንታርቦ ለአንድ ቤት ብቻ አይጮህም። ድምፁ ግድግዳ ዘልሎ ሰፈር ወረደ፣ ከሰፈር ሸማ ተራ ደረሰ፣ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ተራው ለሁለት ተከፍሏል። «አንተ ጠበቅ ነህ ላላ?» ሰላምታ ሆነ። ፉርቃንን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ የአትክልት ተራ ጋሪ ገፊ ሁሉ አቋም ያዘ። ጠበቅ ባዮቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ላላ ባዮቹ ሰው የቀበሩ። አንድ ልብስ ሰፊ «የተገለበጠ ጀልባ ያየ ሰው ቃል አያጠብቅም፣ ምላሱም ይዝላል» ብሎ መርፌውን አፉ ውስጥ ይዞ አብራራ። ጎረቤቱ ደግሞ «እንዲያውም የፈራ ሰው ነው የሚያጠብቀው፣ አንተ ሚስትህ ስትመጣ እንዴት ነው የምትናገረው?» አለው። ሳቁ። ፈሪዳ በዚያ ሰዓት ጋቢ እያጠፈች ነበር። እጥፉን ፈታችና እንደገና አጠፈችው።

የዕድሩ ጸሐፊ ከበደም መጣ፤ ከበደ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ድንኳኑ ለቅዳሜ ተጠይቋል» አለው ሀያቱን። «ልሰጣቸው ወይስ ይቆይ?»

«ለምን ይቆያል?»

«እ… እንደው ለማንኛውም።»

«አልታወቀም እኮ ከበደ።»

«እሺ ጌታዬ። እንደታወቀ ንገሩኝ። ወንበሩም አብሮ ነው።»

ሼኩም ተጠየቁ። ባል የሞተባት ሴት የምትቆጥረውን የኢዳ ወራት ፈሪዳ ትጀምር ወይ ተባሉ። ሼኩ ድምፁን አንዴ አዳመጡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሁለተኛ አልሰሙትም። «ባልተረጋገጠ ቃል ኢዳ አይቆጠርም» አሉ። «ሚስት ናት።»

«እስከ መቼ?» አለች ፈሪዳ።

«እርግጡ እስኪመጣ። ጠብቂ ልጄ።»

ከዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ የማያሻማ ቃል የተናገረ ሰው እሳቸው ነበሩ።

ሁዛይፋ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የሀያቱ የእህት ልጅ ነው፣ ኮምፒውተር የተማረ፣ ሥራውም የሰውን ንግግር እየሰማ አማርኛ የሚጽፍ ፕሮግራም ማዘጋጀት ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ኮምፒውተሩን ግን እንደ ሙሽራ ነው የሚያወጣው።

«ጋሼ፣ የሰው ጆሮ ችግሩ ምኞት አለው» አለኝ። «ይኼ ምኞት የለውም። የደረሰውን ይጽፋል፣ አለቀ።»

ሱቄ ውስጥ ተሰበሰብን፤ ሀያቱ፣ ፈሪዳ፣ እትዬ ጠሂራ በወንበር፣ የቀረነው በቁማችን። በሩ ላይ ከጠበቅም ከላላም የተውጣጡ ታዛቢዎች አንገታቸውን አስገብተዋል። ሁዛይፋ ድምፁን ለቀቀው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «እንዳትጨነቂ አለ ፉርኖ»።

«ፉርኖ?» አለ ሀያቱ። «ወንድሜን ዱቄት አደረግከው?»

«ስሙን አያውቀውም አጎቴ። ሰምቶት የማያውቀውን ቃል በሚያውቀው ይተካዋል። ቆይ ላስተምረው።»

«እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው» አልኩ። የሰማኝ የለም።

ሁዛይፋ የፉርቃንን ስም መትቶ አስገባና እንደገና ለቀቀው። አሁን «እንዳትጨነቂ አለ ፉርቃን» ብሎ ጻፈ። ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው፤ ነፋስ የለበት፣ ፉጨት የለበት፣ የሰውየው መንቀጥቀጥ የለበት። ሁላችንም አየነው።

«ምን ብሎ ጻፈ?» አሉ እትዬ ጠሂራ፤ ማንበብ አይችሉም። «ሁዛይፋዬ፣ አንብብልኝ።»

ሁዛይፋ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ወደ ጽሑፉ ጠጋ አለ፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ እንደገና ዘጋው። ያን ጊዜ ነው የገባን። ፊደሉን ዓይን ያየዋል፣ ጮክ ብሎ ለማንበብ ግን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ሳይመርጥ የሚያነብ አፍ አልተፈጠረም። ልጁ የአያቱን፣ የአጎቱንና የፈሪዳን ፊት ተራ በተራ አየ።

«እማማ… ያው… እንደዚያው ነው የጻፈው።»

«እንደየትኛው?»

«ፊደላችን አይለየውም እኮ። ሁለቱም በአንድ ፊደል ነው የሚጻፉት።»

«ፊደሉን ተወው» አለች ፈሪዳ። «ማሽኑ ራሱ ውስጡ ምን ገባው?»

ሁዛይፋ አስረዳን። ማሽኑ ድምፁን እንደ ሽንኩርት ቀጫጭን አድርጎ ይከትፈዋል፣ እያንዳንዷ ክታፊ የትኛውን ፊደል እንደምትመስል ይገምታል፣ ከዚያ ደግሞ ከዚህ በፊት ካነበበው ጽሑፍ ሁሉ እየተነሳ፣ ከዚህ ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የትኛው ነው ብሎ ያጋድላል። ያጋደለበትን ለማየት ሁዛይፋ ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎመው። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያል። ተናገረ ብሎ ተረጎመው፤ ፉርቃን እንዳትጨነቂ አላት።

«ይኸው» አለ ሀያቱ። ያሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ለምን እንደዚያ አለ?» አለች ፈሪዳ።

«ብዙ ልብ ወለድ ስላነበበ ይሆናል» አለ ሁዛይፋ። «ልብ ወለድ ውስጥ አለ፣ አለች፣ አለ፣ አለች ነው ሁሉም። እና ወደዚያ ያደላል።»

«ፉርቃን ልብ ወለድ አይደለም።»

ሁዛይፋ ፊቱ ቀላ። እኔ ነፋሱን የቀነስኩበትን ቅጂ ሰጠሁትና እሱን ሞከረ። ማሽኑ በዚህኛው አንዷን ቃል ዘለለና ትርጉሙ ተገለበጠ፤ ፉርቃን እዚህ ይገኛል አለ። እኔ ላልቶ የሰማሁት ቅጂ ነበር። በሩ ላይ ጠበቅ ባዮች አጨበጨቡ፣ አንዱ ላላ ባይ «ሰው አሳስቶት ነው» ብሎ ተቃወመ።

«ቆይ እስቲ» አሉ እትዬ ጠሂራ፣ ጭብጨባው ሲበርድ። «ይኼ ዕቃ እኛን ፈርቶ ነው?»

«ማን?»

«ቁርጡን የማይናገረው።»

ከዚያ በኋላ ፈሪዳ ብቻዋን መጣች። የእንጨት በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። እኔ የሜጋፎን አንጀት ዘርግቼ የብየዳ ካውያዬን አግላለሁ።

«ጋሽ ማሙሸት፣ ደጋግሜ ስሰማው አሁን ቃል አልመስል አለኝ። በር ሲጢጥ ሲል ዓይነት ሆነ።»

«አትስሚው።»

«ካልሰማሁት ደግሞ የረሳሁት ይመስለኛል።» ቀና አለች። «እስቲ በእርስዎ አፍ ይበሉልኝ። አንዴ ጠበቅ፣ አንዴ ላላ አድርገው። ላነጻጽር።»

ማለት አልነበረብኝም። ግን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጠየቀችኝ። ካውያውን አስቀመጥኩና አልኩላት፤ አንዴ ጠበቅ አድርጌ፣ አንዴ ላላ አድርጌ። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከዚያ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የሰውየውን ሰማች። ፊቷ ተለወጠ።

«አበላሹት» አለች።

«ምን ሆነ?»

«አሁን የእርስዎ ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ሁለቱም እርስዎ ነዎት።»

ሰውየው የደወለው ሁሉም ተስፋ ቆርጦ፣ ተራው ወደ ሌላ ወሬ ሲዞር ነው። ፈሪዳ ስልኩን እያስጮኸች እየሮጠች ሱቄ ገባች፤ ሸማ ተራ ሜጋፎን ስለሚጮህ አይሰማም። ሀያቱ ከኋላዋ እያለከለከ ተከተላት። ከዚያ በፊት መክሯት ነበር። «መንታ የሌለውን ቃል ነው የምትጠይቂው» ብሏት ነበር፤ «ሞቷል ወይስ አልሞተም በይው። አለ፣ የለም እንዳትዪ።» እሷም «ያንን ቃል ከአፌ አላወጣም» ብላው ነበር። በዚህ ላይ ተጣልተው ሰነበቱ።

እኔ በሩን ገፋ አደረግኩት። ድምፁን ክፍት አደረገችው።

«ሄሎ፣ እህቴ።»

«አቤት።»

«ደህና ነሽ? ልጆች ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ። ፉርቃን…» ቆመች። ሀያቱ በከንፈሩ ቃሉን አሳያት። አላየችውም፣ ወይም አየችው። «ፉርቃን ደህና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰውየው።

አልሐምዱሊላህ ለሁሉም ነገር ይባላል። ሕፃን ሲወለድ ይባላል፣ ቤት ሲቃጠልም ይባላል። ሦስታችንም ጠበቅን። የባህር ድምፅ አልነበረም በዚህኛው፤ ነፋስም የለም፤ ሰውየው ቤት ውስጥ መሆን አለበት። ሲተነፍስ ይሰማል።

«እህቴ» አለ በመጨረሻ፣ «አጠገብሽ ወንድ አለ?»

መርዶ ለሴት በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገር። ሰውየው የት አገር እንደተወለደ አላውቅም፣ ይቺን ግን ያውቃታል። ማዶ ሆኖ በር ማንኳኳት አይችልም፤ ያለችው ደንብ ይቺው ብቻ ናት፤ ወንድ ስጪኝ። እና ደግሞ «አለ» ሲል ጠብቆ ነው የወጣው። ጥርት ብሎ፣ ምላሱ ላንቃው ላይ በቂ ጊዜ ተቀምጣ። ማጥበቅ ያውቃል ለካ። ማጥበቅ የሚያውቅ ከሆነ የዚያን ቀኑን ከዛሬው ጎን አስቀምጦ መለካት ለእኔ ምንም አይደለም፤ ኮምፒውተሯ በርታ ፊቴ ነበረች። እጄን አላነሳሁም። ለካልኝ ያለኝም የለም።

ፈሪዳ ቀና ብላ ሀያቱን አየችው፤ ግራጫ ጢሙን፣ ኮፍያውን፣ ወደ እሷ የዘረጋውን እጁን። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራስ።

«የለም» አለች።

«ስጪኝ ፈሪዳ» አለ ሀያቱ።

«ማንም የለም አጠገቤ» አለች ወደ ስልኩ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ሰውየው የሀያቱን ድምፅ ሰምቶታል። እንዴት አይሰማም?

«እሺ እህቴ። ወንድ ሲኖር ደውይልኝ። ይቺን ቁጥር አልዘጋትም።»

«እሺ።»

ስልኩን ዘግታ ከነጠላዋ ሥር አስገባችው። ሀያቱ እጁን እንደዘረጋ ቆየ።

«እኔ ምንድነኝ?» አላት። «ግድግዳ ነኝ?»

«ወንድሙ ነህ።»

«ታዲያ ቁጥሩን ስጪኝ።»

«አልሰጥህም።»

ሊያስገድዳት ይችል ነበር፤ ታላቅ ነው፣ ቤቱም እሱን ነው የሚሰማው። ስልኩንም ሊነጥቃት ይችል ነበር። ግን አንዱ ጥግ ላይ ያለችው የተሰበረች ሞንታርቦ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ላላ ብሎ ሲከራከር የከረመው እሱ ነበር። አሁን ቃሉን ለመቀበል አልቸኮለም። ብዙ ቆይቶ ተነስቶ ሲወጣ «እማ እንዳትሰማ» ብቻ አለኝ።

እትዬ ጠሂራ አሁንም ጠብቆ ነው የሚሰማቸው። ለመጣ ሰው ሁሉ ልጄ አለ ይላሉ፤ የሚያርማቸው የለም። ተራው ጠበቅና ላላውን ረስቶ ስለ አዲሱ የመኪና መግቢያ ሰዓት ይጨቃጨቃል።

ሁዛይፋ አንድ ጠዋት እየሳቀ መጣ።

«ጋሼ፣ አገኘሁት! አሁን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ይለያል። ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ ያስቀምጥበታል። ያንን ድምፅ ይስጡኝ፣ በአንድ አፍታ ቁርጡን ይነግረናል።»

«ጠፍቶብኛል።»

«ፈሪዳ ጋስ?»

«እሷም ጋ ጠፍቷል።»

«ኧረ!» አለ፣ ከልቡ አዝኖ። «ለሙከራ እንደሱ ያለ ከየት ይገኛል?»

«አይገኝም» አልኩት። ሻይ ጋበዝኩት፤ ነጥቧን እያሳየኝ ጠጣ። እውነትም ትለያለች። ጎበዝ ልጅ ነው።

ዓርብ ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ የሸማ ተራ ወንዶች ዕቃቸውን በሸራ ሸፍነው ወደ አንዋር መስጊድ ይነጉዳሉ። ሜጋፎኑ ይዘጋል። መተላለፊያችን ውስጥ የሚቀሩት ሴቶችና ድመቶች ናቸው። ፈሪዳ ለዚያ ሰውዬ የምትደውለው ያን ጊዜ ነው። ፀጥ ስለሚል የምታወራው እኔ ጋ ይደርሳል። ሥራ አገኘህ ወይ ትለዋለች። እግሩ ይሻለው እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ እግሩን የሆነ ነገር ሆኗል። እሱም ልጆቹን በየስማቸው ይጠይቃታል፤ ስማቸውን ከማን እንደሰማ አትጠይቀውም። ከዚያ ሁልጊዜ አንድ ዝምታ ይመጣል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰውየው ምን እንደሚላት ባልሰማውም አውቀዋለሁ። «የለም» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ በዚያ ሰዓት በተራው ውስጥ ወንድ የለም።

ከእኔ በቀር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጁምዓ አልሄድም። በመጀመሪያው ዓርብ ስልኩን ይዛ ስትወጣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አየችኝና እርምጃዋን ገታች። ከዚያ ወዲህ ሰዓቱ ሲቃረብ የሱቄን መዝጊያ ላሜራ እስከ መሬት አወርደዋለሁ። ጨለማው ውስጥ ሜጋፎኖቼ መሐል እቀመጣለሁ። ካውያውንም ነቅዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ጭሱ በላሜራው ሥር ሾልኮ እንዳይወጣ።